ሸክላው እስኪያብጥ

ይህን ሰው ተደላድሎ ተቀምጦ ያየው ካለ ይናገር። ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ስልክ ሲያወራ ግቢውን ይዞራል፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅ የበረኛውን ወንበር ሳይቀር ያስተካክላል። ታላቅ እህቱ ገና በልጅነቱ «ቁንጫ» ብላ ስም አወጣችለት፤ ስሙም ተከትሎት ሥራ ቦታ ድረስ ገባ።

የሚገርመው የያዘው ሥራ ነው። ቁንጫ መሬት ሰርሳሪ ነው። በማሽን ከጥልቀት አፈር ያወጣል፤ ከዚያም የከርሰ ምድሩ ውሃ መበከል አለመበከሉን መከታተያ የሚሆን ቀጭን ጉድጓድ ያበጃል። ይህ ሥራ ደግሞ ግማሹ ጥበቃ ነው። ቧንቧው ይወርዳል፣ ዙሪያው በአሸዋ ይሞላል፣ አሸዋው ላይ የደረቀ የሸክላ እንክብል ይፈስሳል። ሸክላው ውሃ ጠጥቶ፣ አብጦ፣ ክፍተቱን እስኪደፍን ድረስ ሲሚንቶ አይታሰብም። የቸኮለ ሰው ሲሚንቶው ቁልቁል ወርዶ ልፋቱን ሁሉ ገደል ይከትበታል። ቁንጫ ሸክላውን በገመድ ደጋግሞ ሲለካ ባየው ቁጥር የማሽኑ ሜካኒክ፣ «የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» እያለ ይተርበዋል።

የዚያን ቀን የሚሰረስሩት ከአንድ ነዳጅ ማደያ ጀርባ ነበር። መሬት ውስጥ የተቀበረው ታንከር አርጅቷል፣ ሳያፈስም አይቀርም ተብሎ ነው የተጠሩት። ከአጥሩ ማዶ ሦስተኛው ቤት የታላቅ እህቱ ነው። ግቢዋ ውስጥ ቤተሰቡ የሚጠጣው በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ አለ። ቁንጫ ብቅ ባለ ቁጥር ሰላምታውን ሳይጨርስ «እትዬ፣ ውሃሽን» ይላል። እንደዚያ ጉድጓድ የሚቀዘቅዝ ውሃ የትም የለም ባይ ነው።

ማሽኑ ውሃው ጋ ሲደርስ የወጣውን አፈር ከቱቦው ሲያላቅቅ ነዳጅ ሸተተው። አፈሩን ወደ ጎን ይዞ ዞረ።

«ሸተተሽ?» አላት አጠገቡ ናሙና የምትመዘግበውን የአፈር ባለሙያ።

«ሸቶኛል። ግን ጓንትህም ናፍጣ ነው፣ ማሽኑም ናፍጣ ነው። አምና የራሳችንን ማሽን አሽትተን አንድ ሰፈር ሙሉ አሸብረናል። እህትህ እዚህ እንዳለች አውቃለሁ፤ ቢሆንም ላቦራቶሪው ሳይናገር ማንም ምንም አይልም። ቃል ግባልኝ።»

እውነቷን ነው። ቃል ገባላት። ከዚያ ጓንቱን ወርውሮ፣ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጥቦ፣ አፈሩን እንደገና አሸተተው። ያው ነው።

ሸክላው ፈሰሰና ጥበቃው መጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማሽኑን እየዞረ የጠበቀውን ብሎን ሁሉ መልሶ ያጠብቅ ነበር። ያን ቀን ግን እግሩ አላስቆም አለው። «መጣሁ» ብሎ በአጥሩ ዞረ። ባይሄድ ይሻለው ነበር፤ ግን ቁንጫን ማን አስሮት?

እህቱ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬን ስትሰረስረው ዋልክ እኮ» አለችው እየሳቀች። «ምን አገኛችሁ?»

«አፈር።»

«ለአፈር ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?»

«ላቦራቶሪ ይሄዳል፣ እትዬ። እነሱ ናቸው የሚያውቁት።»

የልብስ መቆንጠጫ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። ጉድጓዱን አየና ቶሎ ዓይኑን ሰበረ። እህቱ ሳቋን ተወች።

«ውሃ አልጠየቅከኝም» አለች።

«አልጠማኝም።»

«ፀሐይ ላይ ቆመህ ውለህ?»

የልብሱን ሳፋ አንሥቶ ወደ ጥላ አዛወረው። እሷም አልጨቀጨቀችውም። ወደ ጉድጓዱ ሄዳ ባልዲውን ለቀቀችና ስባ አወጣች። በጣሳ ቀድታ፣ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል፣ ወደ አፏ አነሣችው። የቁንጫ አፍ ቃሉን ጠበቀ። እጁ ግን ቀድሞት ሄዶ ጣሳውን ከከንፈሯ ላይ ነጠቃት፤ ውሃው የሁለቱም እግር ላይ ፈሰሰ።

«ልጆቼ ዛሬም ጠጥተው ነው ትምህርት ቤት የሄዱት» አለች በቀስታ።

ቁንጫ ፈራ። የእነዚያን ልጆች ጣሳ ስንቴ በገዛ እጁ እንደሞላ ትዝ አለው። ስልኩን አውጥቶ ባለሙያዋ ጋ ደወለ።

«ቃሌን አፍርሻለሁ። ምንም አልተናገርኩም፣ ግን አፍርሻለሁ። የናሙና ጠርሙስ ይዘሽ ወደ እህቴ ግቢ ነይ፤ ከዚህም ጉድጓድ ይወሰድ።»

«እሺ፣ እመጣለሁ» አለችው ባለሙያዋ። «ውጤቱ ግን ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ከዚያ ውሃ ማንም እንዳይቀምስ።»

እህቱ ስልኩን ሰምታ ኖሮ የእንጨት ክዳኑን ጎትታ ጉድጓዱን ከደነችው። ቁንጫ በሩን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ክዳኑን አየ። ከዚያ ሄዶ ክዳኑ ላይ ቁጭ አለ። ጉልበቱ ብቻ አላርፍ ብሎ ይርገበገባል። ሸክላው አብጦ ኖሮ ሜካኒኩ ከአጥሩ ማዶ ይጣራ ጀመር።

«ይጠሩሃል እኮ» አለችው እህቱ።

«ሲሚንቶውን እነሱ ያፍስሱት» አለ። «ልጆቹ እስኪመጡ ከዚህ አልነሣም።»