እናትና አባቴን ኮምፒውተር ያስተማርኩበት ክረምት

አባቴ እምቢ ያለ ማሽን ሲመታ ይታዘዛል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው ኮምባይነር ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ከዲክሲስ ማሳ ጀምሮ እስከ አቦምሳ ድረስ የሰው ስንዴ ሲያጭድ ይሰነብታል። ማሽኑ ሲያስቸግረው ወርዶ በመዶሻ ጎኑን ይለዋል፤ ማሽኑም አንዳንዴ እውነትም ይነሣለታል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የሠራለትን ዘዴ ቤት ይዞት ገባ። የተጣበቀ በር በእርግጫ፣ የሚንሿሿ ሬዲዮ በጡጫ፣ እናቴን ደግሞ እጁ በገባለት ነገር ሁሉ ይመታል። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምለው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልልም።

የአሰላ ክረምት ከባድ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መውቀጥ ሲጀምር አጠገብህ የተቀመጠ ሰው የሚልህን አትሰማም። ለሌላው ይህ ጥሩ እንቅልፍ ነው። ለእኛ ቤት ግን እናቴ ብትጮህም ጎረቤት የማይሰማበት ወቅት ነበር፤ አባቴም የሚያጭደው ስለሌለ ቤት ይውላል። ልጅ ሆኜ የመስከረም ፀሐይ የሚናፍቀኝ እንደ ሌሎች ልጆች ለአበባው አልነበረም።

ኮምፒውተሩ የመጣው በእንዲህ ያለ ክረምት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲያወጣ አባቴ ከሦስት ወንበር ጋር ጭኖት መጣ። እኔ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ሲኖር አንድ ቢሮ እየሄድኩ ጽሑፍ እተይባለሁ። «በል አስተምረኝ» አለኝ። እናቴ ደግሞ ዕቃው ገና ቦታውን ሳይለምድ ዳንቴል አለበሰችው። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ የሶፋው ክንድም ዳንቴል ለብሷል፤ ሳይሸፈን የሚቀመጥ ዕቃ የባለቤቲቱን ስንፍና ለእንግዳ ይናገራል። ስክሪኑን ፊቱን ብቻ ገለጥ አድርጋ፣ ከሥር ያለውን ሳጥን እስከ ወለሉ ድረስ ሸፈነችው።

በሦስተኛው ቀን አባቴ እየነካካው ሳለ ድርግም አለ። እንደገና አበራው፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠፋ። አባቴ ሳጥኑን ከላይ በጡጫ መታው፤ ደገመው። ሦስተኛውን ሊሰነዝር ሲል እኔ ሳጥኑን ዳሰስኩት፤ እንደ ምድጃ ይጋረፋል።

«አባባ፣ አየር አጥቶ ነው። ጨርቁ ነው ያፈነው» አልኩት።

ማሽኑን ማዳኔ ነበር። እሱ ዳንቴሉን ከሳጥኑ ላይ መዥርጦ እናቴን ፊቷን ገረፋት። ዳንቴል አያሳምምም። ይህ ሲገባው በእጁ ቀጠለ። በኮምፒውተር ያስተማርኩት የመጀመሪያው ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ እየሠራ ያለ ኮምፒውተር አይሸፈንም። ዛሬም ለጀማሪ ብነግረው ትክክል ነው። የእናቴ ከንፈር እብጠት ግን ለመጉደል አንድ ሳምንት ፈጀበት።

ከዚያ በኋላ አንድ ማክሰኞ፣ አባቴ ኮምባይነሩን ሊያሠራ ጋራዥ ሲሄድ፣ እናቴ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች መጥታ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

«እኔንም አስተምረኝ» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊበት?»

«አቤቱታ ልጽፍበት። ልፈታው ነው።»

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩትን ነገር ሰምቼ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው አቤቱታ ከሚጽፉት አንዱ ጋ ለምን እንደማትሄድ ጠየቅኳት። ሁሉም አባቴን ያውቁታል አለችኝ፤ ከሦስቱ ጋር ቢራ ይጠጣል። ወረቀቱ ዳኛው ጋ ሳይደርስ ወሬው እሱ ጋ ይደርሳል። በእጅ መጻፉንም ሁለት ጊዜ ሞክራዋለች። የመጀመሪያውን ከፍራሹ ሥር አገኘው። ሁለተኛውን ከዱቄት ጆንያው ውስጥ አወጣው፤ ያንን አጣጥፎ አስበላት። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬያለሁ።

«እዚህ ውስጥ ግን አይበረብርም» አለች ሳጥኑን እያየች።

«እኔ እጽፍልሻለሁ እኮ እማዬ። ሥራዬ አይደል? በአንድ ሰዓት ይጨረሳል።»

«አይሆንም። እኔ ብጽፈው የምከሰው ባሌን ነው። አንተ ብትጽፈው የምትከሰው አባትህን ነው። በአንተ እጅ አይጻፍም።»

ብለምናትም እምቢ አለች። እናቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ ጽሑፏም ከእኔ ይበልጥ ያምራል። ያልለመደችው ማሽኑን ነው። እንዲህ ሆኖ እሱ ጋራዥ በሄደ ቁጥር ትምህርት ጀመርን።

ማውዙ አስቸገራት። ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ ንኪ ስላት፣ አንዱን ነክታ ልክ መሆኑን ዓይኔን አይታ ሁለተኛውን ትነካለች። ደግማ፣ ደጋግማ። እኔ ደግሞ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው፤ ውጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ተነሥቼ በመስኮት አያለሁ። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ «ቶሎ ቶሎ አልኩሽ እኮ» ብዬ የእጇን ጀርባ በጥፊ መታሁት።

እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ አንገቷን ደፍታ የሚቀጥለውን ጠበቀች። ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። አባቴ ፊት የምትቀመጠው እንደዚያ ነው። ራሴን ጠላሁት። ይቅርታ ሳልላት እሷ ናት «ቀጥል» ያለችኝ።

ቀጠልን። ሁለት መስመር በጻፍሽ ቁጥር ሴቭ አድርጊ አልኳት፤ በክረምት መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅምና። አንድ ጊዜ ረስታ ግማሽ ገጽ ሲጠፋባት ትዳሯን እንደገና የኖረችው ያህል ከፋት። መብረቅ ሲጀምር ሶኬቱን ንቀይ አልኳት። ለፋይሉ ደግሞ ግልጽ ስም ስጪው፣ ያለዚያ ፈልገሽ አታገኚውም አልኳት። እሷም «በባሌ ላይ የቀረበ አቤቱታ» ብላ ሰየመችው። ስትጽፍ እንዳነብ አትፈቅድም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በአንዲት ጣት የምትመታውን እሰማለሁ፤ ጧ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ፊደሏን ትፈልጋለች፣ ደግሞ ጧ ይላል። አንዳንዴ ዝምታው ሲረዝም ምን ላይ እንደደረሰች እገምታለሁ። አንድ ገጽ ተኩል ለመጻፍ ስድስት ሳምንት ፈጀባት።

በእነዚያው ሳምንታት አባቴንም አስተምር ነበር። የሚወደው ፎቶዎቹን ማየት ነው፤ ከኮምባይነሩ ጋር የተነሣቸውን ሁሉ ከስልኩ ገልብጬለታለሁ። አንድ ጠዋት ምን እንደነካ እንጃ፣ ፎቶዎቹ ሁሉ ከፊቱ ጠፉ። ጡጫውን አነሣ። እኔ ያየሁት ጡጫውን አይደለም፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የእናቴን ገጽ ተኩል ነው።

«አባባ፣ አይምቱት። አልጠፋም፤ የጠፋ ነገር መጀመሪያ የሚሄደው እዚህ ነው» አልኩና የቆሻሻ መጣያውን ከፈትኩለት። ፎቶዎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱን በማውዙ ቀኝ በኩል ነክቼ ወደ ቦታው መለስኩ፤ የቀሩትን ራሱ መለሰ። ሳቀ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ፤ ይሄ ነው ወንድ ልጅ» አለኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ስናገር አፍራለሁ፤ ግን ደስ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩን በከፈተ ቁጥር መጣያውን ሳያይ አይነሣም ነበር።

አቤቱታው ያለቀው አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ፍላሽ ላይ ገለበጥነው። ጠዋት ሳጉሬ እህቷ ጋ ትወስደዋለች፤ እዚያ ማንም ስለማያውቃት ያትሙላታል፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ይገባል።

«አሁን ከዚህ አጥፊው» አልኳት። አጠፋችው።

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

ፍላሹን ከጡቷ ሥር ሸጎጠችና ወጥ ልትሠራ ተነሣች። እኔ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። ፍርሃት ላይ ስለነበርን ይሆናል፣ መጣያው የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

ቅዳሜ እናቴ በጠዋቱ ሚኒባስ ሳጉሬ ሄዳ፣ ፍላሹን ለእህቷ ሰጥታ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሰች። እኔ ቢሮ ነበርኩ። አባቴ ብቻውን ቤት ውሏል፤ ዝናብ ነው፤ ኮምፒውተር ከፍቷል።

ከበሩ ስደርስ የሰማሁት ዝናቡን ብቻ ነው። ውስጥ ስገባ እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛለች። እጇ ከአንጓው ላይ መሆን ወደማይገባው አቅጣጫ ዞሯል። የመታት በኪቦርዱ ነው። ፊደሎቹ ተነቅለው እንደ ስንዴ ወለሉን ሞልተውታል። እሱ ፊቱን ወደ ሳጥኑ አዙሮ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። «የት አለ አሁን? የት አለ ክሱ?» ይላል። ማሽኑ ሲሞት ክሱም የሚሞት መስሎታል።

ኮሌታውን ይዤ ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። መዶሻው ወደቀ። ግራ እጄን ጉሮሮው ላይ አድርጌ ጫንኩ። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ቀለለኝ። ዓይኑ ሲፈራ አየሁት፤ ፍርሃቱን ሳየው ደግሞ ደስ አለኝ፣ ጨምሬ ጫንኩ። ከኋላዬ በአንድ እጇ የያዘችኝ እናቴ ናት።

«ልቀቀው። አንተም እንደሱ አትሁንብኝ» አለችኝ።

ለቀቅኩት። ሳል ይዞት ወደ ዝናቡ ወጣ። ግርግሩን በዚያ ዝናብ ውስጥ እንዴት እንደሰማች እንጃ፣ ጎረቤታችን፣ በጉዲት ገበያ ቅቤ የምትሸጠው ሴትዮ፣ ሻርፗን ራሷ ላይ እየጣለች ገባች። «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ እቴ?» አለች። ከዚያ የእናቴን እጅ አየችና መልስ ሳትጠብቅ በሻርፗ አስራ፣ ባጃጅ አስቁማ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። እኔ ወለሉ ላይ የተበተኑትን ፊደሎች ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ስለቅም ቆየሁ።

አቤቱታው ሰኞ ገባ። እናቴ በጄሶ የታሰረ እጇን አንጠልጥላ በግራዋ ፈረመች። ወረቀቱን ያን ጊዜ አነበብኩት፤ ከቸኮለችበት ከመጨረሻው መስመር በቀር አንድ የፊደል ስህተት የለበትም።

ችሎት የቀረብን ቀን ዳኛዋ አባቴን የእናቴን እጅ ለምን እንደሰበረ ጠየቁት። በክሱ ተናድጄ ነው አለ። ክሱን ገና ሳይገባ እንዴት አየኸው አሉት።

«ከኮምፒውተሩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ። አጥፍታው ነበር፤ እኔ መለስኩት» አለ። ከዚያም በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። ድምፁ ውስጥ የነበረውን ኩራት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «ልጄ ነው ያስተማረኝ።»

እናቴ ዞር ብላ አላየችኝም። ዳኛዋ መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ፍቺው ከሁለት ወር በኋላ ጸና። በዚያ የመጨረሻ ቀን ከችሎቱ ስንወጣ ደረጃው ርጥብ ስለነበር ደገፍኳት። ጄሶው ወልቋል፤ እጇ ግን ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፣ አሁንም አይታጠፍም። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን አንድ ያልገባትን ትምህርት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችኝ።

«ለእኔስ ለምን አላሳየኸኝም?»

«ረሳሁት እማዬ» አልኳት።

መርሳት ብቻ አልነበረም፤ ለእሷ ላሳያት አስቤም አላውቅም። የጠፋ ነገር ተመልሶ እንደሚገኝ ለእሱ ያሳየሁት ፎቶው ሲጠፋበት ስላዘንኩለት ነው። እሷ ግማሽ ገጽ ጠፍቶባት ከፊቴ ተቀምጣ ስታለቅስ ያልኳት «እንደገና ጻፊው» ነው።