ቢጫ ባንዲራ በሐይቁ ዳር

ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከምንኖርበት የቶሮንቶ ሰፈር ከጄን ኤንድ ፊንች ተነስቼ ሐይቁ ዳር ወደሚደረገው የመኪና እሽቅድምድም የሄድኩት ልጄን ማህሌትን ለመታዘብ ነው። አዎ፣ ለመታዘብ። እኔ አዲስ አበባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ትራፊክ ፖሊስ ነበርኩ። እሷ ደግሞ እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዳ፣ አካውንቲንግ ተምራ፣ በእረፍት ቀኗ ያለ ደመወዝ ለተሽቀዳዳሚዎች ባንዲራ ታውለበልባለች። «ፀሐይ ላይ መገተር በእኔ ይብቃ» ብላት፣ «አባዬ፣ ጀስት አንድ ቀን ናና እይ» አለችኝ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር

እሷ ጎህ ሳይቀድ ወጥታለች። እኔ በአውቶቡስ ፊንች ዌስት ጣቢያ፣ ከዚያ በምድር ባቡሩ በሰብዌይ ዩኒየን ጣቢያ ደርሼ የሐይቁን ዳር ይዞ የሚሄደው የጎዳና ባቡር፣ ስትሪትካሩ ላይ ተሳፈርኩ። ውስጡ ቀይ ኮፍያ ባደረጉ የውድድሩ ደጋፊዎች ታጭቋል። አጠገቤ የቆመው ኮፍያ ለባሽ የሀበሻ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ናትናኤል ይባላል፣ ተማሪ ነው፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ይኖራል።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ሻምፒዮናው የኛ ልጅ ነው!» አለኝ። ውድድሩ ከከተማ ከተማ እየዞረ ነጥብ እንደሚደመርበትና አንድ የቶሮንቶ ልጅ እየመራ እንደሆነ አስረዳኝ። «ዛሬ ዊን ካደረገ ማን ይነካዋል?»

ስድስት ሰዓት

መወዳደሪያው ሌላ ቀን ሰው ሁሉ የሚነዳበት አስፋልት ነው፤ ግራና ቀኙን በሲሚንቶ ግንብና በሽቦ አጥረውታል። ለአንድ ጠርሙስ ውሃ ስድስት ዶላር ከፈልኩ፤ በዚህ ዋጋ ጠበል መሆን ነበረበት። ማህሌትን ከሽቦው ማዶ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ነጭ ቱታ ለብሳ አየኋት።

ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው አንድ መኪና ከእሷ ትንሽ አለፍ ብሎ ከግንቡ ጋር ተላተመ። ማህሌት ቢጫውን ባንዲራ አነሳች። ቢጫ ማለት አደጋ አለ፣ ቀስ በል፣ መቅደም ክልክል ነው ማለት ነው። ያ ሁሉ የሚያጓራ መኪና ለልጄ እጅ ጋብ አለ! እኔ አንድ ሚኒባስ ለማስቆም ትንፋሼ እስኪያልቅ ፊሽካ እነፋ ነበር። ደረቴ ተነፋ፤ አልደብቅም።

የቶሮንቶው ልጅ ግን በዚያች ቅጽበት ከፊቱ ያለውን ደርቦ አለፈ። ማህሌት ሬዲዮዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ልጁ አንደኛ ወጣ፤ ሕዝቡ አበደ። ወዲያው ሁለት ዳኞች ወደ እሷ መጡ፤ እኔም ወደ አጥሩ ተጠጋሁ። ካሜራው በደንብ እንዳላሳየ ነገሯትና እርግጠኛ መሆኗን ጠየቋት። እርግጠኛ ነኝ፣ ባንዲራዬ ከተነሳ በኋላ ነው ያለፈው አለች። ደግመው ቢጠይቋትም ቃሏን አልለወጠችም።

ቅጣቱ ሲታወጅ የቶሮንቶው ልጅ ከአንደኛ ወደ ዘጠነኛ ወረደ። ከጠዋት ጀምሮ አብሮኝ የነበረው ናትናኤል ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረ። «ያቺ ባንዲራ ያዥ ናት ጉድ የሠራችን! ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

«ልጄ ናት» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። «ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ አላወቅኩም።»

«ምንም አይደል። አንተም እኮ አይተሃል። ባንዲራው ላይ ደርቧል አልደረበም?»

አንገቱን ደፋ። «ደርቧል።»

ወደ ቤት

ሰብዌይ ውስጥ ማህሌት አጠገቤ ተቀመጠች። «ሰው ሁሉ ሄት አደረገኝ፤ እኔም እኮ የልጁ ፋን ነኝ» አለች። ያኔ ለእናቷ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኳት። አንድ ቀን ቀይ መብራት የጣሰ ባለሥልጣን አስቆምኩ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» አለኝ። የጻፍኩትን ቅጣት ቀድጄ አሳለፍኩት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ማህሌት እጄን ያዘችኝ። እስከ ፊንች ዌስት አልለቀቀችኝም።

ልታዘባት ሄጄ ራሴን ታዝቤ ተመለስኩ።

መስከረም ላይ የመጨረሻውን ውድድር ቤታችን በቴሌቪዥን አየን። የቶሮንቶው ልጅ ሻምፒዮናውን ለጥቂት አጣው፤ የዚያን ቀን ነጥብ ቢኖረው ዋንጫው የእሱ ነበር። ማህሌት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ ስቲል ትክክል ነበርኩ?»

ከሶፋው ተነሳሁ። በፒጃማዬ፣ በነጠላ ጫማዬ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ የፖሊስ ሰላምታ ሰጠኋት።

«ምንድነው እሱ?» አለች እየሳቀች፣ እያለቀሰች።

«ለአለቃ የሚሰጥ ነው» አልኳት።