ፍሬን የማለማመድ ጣጣ

መካኒኩ ያዘዘኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳልቆም። «ፍጥነት ትይዛለህ፣ ፍሬኑን ለስለስ አድርገህ ትረግጣለህ፣ ልትቆም ስትል ትለቅቀውና ደግሞ ትነዳለህ። እንዲህ እያልክ ደጋግመው። አደራህን፣ ግሎ ሳለ እግርህን ጭነህበት እንዳትቆም» አለኝ። ሲሰሙት ቀላል ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው አስፋልት ላይ ግን ሰው ፊት ቀዝቅዞ ሳይቆም ማለፍ ማለት ያንን ሰው መስደብ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ሰው በመጫን የማድር ሰው ነበርኩ። ያቺ ነጭ የቤት መኪናዬ ከሸዋ ሮቢት ጀውሃ፣ ከጀውሃ አጣዬ ስትመላለስ እጁን ያነሣ ሁሉ ሲሳፈርባት ኖሯል። በሽቦ የታሠረውን የፊት መከላከያዋን አይተው ከሩቅ ያውቋታል። እጅ ባይነሣልኝ እንኳ የቆመ ሰው ካየሁ ቀዝቀዝ እል ነበር፣ እንጀራዬ ነዋ። ስለዚህ ያን ቀን የደረሰብኝን ጣጣ ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ ብትሉኝ አልከራከርም። ያኔ ግን እንዲህ የሚለኝ ሰው ቢኖር እጣላው ነበር።

የመኪና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ባለቤቴ አርግዛ ነበር፤ ያውም ሁለተኛዋ እርግዝና። የመጀመሪያው ጊዜ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት አሳይቻት ስንመለስ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ስንወርድ ፍሬኑ ጋለና መያዝ አቃተው። ከመነሻውም ዲስኩ አልቆ በረገጥኩት ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ «ምንድነው የሚያንቀጠቅጠን?» ስትለኝ «መኪና ሲያረጅ እንዲህ ነው» እያልኩ አልፌዋለሁ። ያን ቀን ግን መንቀጥቀጡም ቀረና እግሬ እስከ ወለሉ ገባ። ማርሽ ቀንሼ፣ መኪናዋን ከዳሩ የድንጋይ ግንብ ጋር እያፋጨሁ እንደ ምንም አቆምኳት። አልቆሰልንም። በሳምንቱ ፅንሱ ወረደ። ሐኪሙ ነገሩ ከመኪናው ጋር አይገናኝም አለ፤ እሷም ይገናኛል ብላኝ አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መኪናዬ ውስጥ እግሯን አስገብታ አታውቅም።

እንደገና አርግዛ ወሯ ሲገባ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ሆዷን ዳሰሰችና ልጁ አልዞረም አለች። «እዚህ አትወልድም። ምጥ ሳይጀምራት ደብረ ብርሃን አድርሳት» አለችኝ። አውቶቡስ እንዳልላት፣ በዚያ ዘመን አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጠው የቆመው ይበዛል። ባለቤቴ ሌሊቱን ስታስብ አድራ ጠዋት ፍርዷን ሰጠች። «ፍሬኑን አስቀይር፣ እሄዳለሁ። ያ መንቀጥቀጥ አንድ ጊዜ ከተሰማኝ ግን፣ የትም ይሁን የት ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ።» እሷ እወርዳለሁ ካለች ወላሂ ትወርዳለች። እርጉዝ ሆና ዳገት ላይ ስትወርድ፣ ልጁም አልዞረም፣ እኔ ምን ይውጠኛል?

ዕቃው ራሱ አበሳዬን አስቆጠረኝ። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር የሚሰማው «የለም» እና «ነገ ና» ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን አዲስ ዲስክና አዲስ የፍሬን ሸራ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና ሹፌር እጅ መጣልኝ። መካኒኩ ገጠመልኝና ያንን «አትቁም» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ ገና አይተዋወቁም። እየተፋተጉ ሲግሉ፣ መልሰው ሲቀዘቅዙ ነው የሚላመዱት። ግለው ሳሉ ተጭነህባቸው ከቆምክ ሸራው ዲስኩ ላይ ይጣበቅና ቦታ ቦታ ምልክት ይተዋል። ከዚያ ወዲያ በረገጥከው ቁጥር መንቀጥቀጥ ነው። ማለትም ባለቤቴ ትወርዳለች።

ቤንዚን በራሽን ነበር። ያለኝ ፍሬኑን አንድ ጊዜ ላለማምድበት፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ደርሼ ልመለስበት የሚበቃ ብቻ ነው። ስለዚህ አሰብኩበት፤ የአጣዬም የሰንበቴም ገበያ ያልዋለበትን ቀን መረጥኩ። መንገዱ ባዶ ይሆናል ብዬ። የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ መኖሩን ማን ያስታውሰኝ? ጀውሃን አለፍ እንዳልኩ ሲሰበሰብ የዋለ ሕዝብ በሙሉ በዚያ ፀሐይ አስፋልቱን ዳርና ዳር ይዞ ወደየቤቱ ይጎርፋል።

ፍጥነት ያዝኩ፣ ለስለስ አድርጌ ረገጥኩ። ፍየል የያዘ አንድ ሰውዬ ከግራር ጥላ ሥር ብድግ አለ። መኪናዋን አወቃት፤ ፍየሉን ብብቱ ሥር ሸጎጠና መሮጥ ጀመረ። እጁ በሩን ሊነካ ሲል ለቀቅኩት፣ ነዳሁ። በመስታወት ሳየው ፍየሉን መሬት አስቀምጦ፣ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያየኛል። ደግሞ ፍጥነት ያዝኩ፣ ደግሞ ረገጥኩ። አሁን ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሼህ ናቸው። ጃንጥላቸውን አጠፉ፤ መኪናዬን እንዳያቆሽሹብኝ ጫማቸውን አውልቀው አቧራውን አስፋልቱ ላይ አራገፉ። ያንን ጨዋነታቸውን እያየሁ ጥያቸው ሄድኩ።  አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «አውፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ ፍሬን እያለማመድኩ ነው» ብዬ ጮህኩ። ከኋላቸው የነበረ ጎረምሳ «ፍሬን እንደ በቅሎ ይገራል እንዴ?» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀብኝ።

ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ፊትም አላይ፣ እጅም አላይ፤ ዓይኔን አስፋልቱ ላይ ተክዬ መርገጥና መልቀቅ ሆነ ሥራዬ። የሚሰድበኝ ይሰድባል፣ ድንጋይ የሚያነሣም አልጠፋም። አንዷ ሴትዮ ቋጠሮዋን እንደያዘች ስትጠጋ በዓይኔ ጠርዝ ታየችኝና አቧራ አልብሻት አለፍኩ። እኔ የማስበው ከጣርማ በር በታች ያለውን ቁልቁለት ነው፣ እነሱ የሚያስቡት እኔ እንደጠገብኩ ነው። ቆሜ እንዳላስረዳ መቆም አልችልም። ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ነገር ካለ እኔ አላውቅም።

አጣዬ መዳረሻ ላይ የግለቱ ሽታ መጣ፤ መካኒኩ ይሸታል ብሎኝ ነበርና ደስ አለኝ። ሳልቆም ሰፊ ሜዳ ላይ ዞሬ ተመለስኩ። የቀረኝ ፍሬን ሳልነካ እስከ ሸዋ ሮቢት እየነዳሁ ማቀዝቀዝ ብቻ ነው። አለቀ፣ ተገላገልኩ ብዬ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ወደ ጀውሃ ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት ስጀምር፣ አስፋልቱ መሀል ላይ ነጠላ ተነጥፎ አየሁ።

በእኛ አገር አንዲት እናት ነጠላዋን መንገድ ላይ ካነጠፈች መሣሪያ የታጠቀም ቢሆን ረግጦ አያልፍም። ደም የተፈላለጉ ሰዎች ለዚያ ጨርቅ ይቆማሉ። በግራ እንዳልሸሽ ገደል፣ በቀኝ እንዳልሸሽ ሰው። ፍሬኑን ረገጥኩት፣ ቆምኩ። ነጠላውን ያነጠፉት ሴትዮ ቀና ሲሉ አማቴ ናቸው። ለካ ያቺ በዓይኔ ጠርዝ ያየኋት ባለ ቋጠሮ እሳቸው ኖረዋል። ከጀውሃ በላይ ካለው መንደራቸው ልጃቸውን ሊያርሱ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዘው ወርደው፣ እኔን ሲጠብቁ ነው የዋሉት።

አማትና አማች በእኛ ዘንድ አንቱ ነው የምንባባለው። ሰው አንቱ እያለ ሲሰድብ ደግሞ መመለሻ የለውም። «ምነው፣ ዓይንዎን ታመዋል?» አሉኝ። «ቀዝቀዝ አሉልኝና ቋጠሮዬን ሳነሣ አቧራ አልብሰውኝ ሄዱ። ጎረቤት ሁሉ እያየ። ልጄን ለሹፌር ዳርኳት ብዬ ስኮራ የነበርኩ ሴትዮ።»

«እናቴ፣ ነጠላውን ያንሡልኝ። ፍሬኑ ግሏል፣ መቆም የለብኝም።»

«እኔስ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ስግል አልዋልኩም?»

እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው። ልልቀቀው ብል ቁልቁለት ነው፣ ከፊቴ ነጠላው፣ ከነጠላው ወዲያ እሳቸው። የእጅ ፍሬኑ ከተበጠሰ ቆይቷል። ሞተር አጥፍቼ በማርሽ ልያዛት ብል ሞተሩ ያረጀ ነው፤ በዚያ ቁልቁለት ማርሽ ብቻውን አይዛትም። እሳቸው ደግሞ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ያጠፋሁትን አንድ በአንድ ያነሡልኛል፤ ሲደክማቸው ያርፋሉ፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ያ ባለ ፍየል ደረሰ። ሼሁም ደረሱ። ሼሁ «ይተዉት፣ ልጅ ነው» ብለው አማቴን ለመኑልኝ፤ አማቴም ለሳቸው ክብር ብለው ነጠላቸውን አነሡ። ከዚያ ሁሉም ገባ። ፍየሉም ገባ። 

ድልድዩን አልፌ ፍሬኑን ነካ ሳደርገው መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ያው የድሮው መንቀጥቀጥ። አማቴ ከጎኔ ቋጠሯቸውን ታቅፈው ስለ ቅቤው ያወራሉ።

መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ ዲስኩን በጣቱ ዳሰሰና «ቆመሃል» አለኝ።  አማቴ ነጠላ አንጥፈው ነው ብል ማን ያምነኛል? ደግሜ ባለማምደው ምልክቱ ሊለቅ እንደሚችል ነገረኝ፤ ቤንዚኑስ? ዲስኩ አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጥ ቢባል፣ ቀኑስ? «ይይዛል ግን?» አልኩት። «ይይዛል። እንደ ድሮው አይደለም፣ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። መንቀጥቀጡ ብቻ ነው» አለኝ። መንቀጥቀጡ ብቻ። ለእኔ ቤት ግን ዋናው እሱ ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «እንዴት ሆነ?» አለች። እኔ አፌን ሳልከፍት እናቷ ቀደሙኝ። «ጥሩ ሆኗል። እኔ ፊት ቀጥ ብላ ነው የቆመችው» አሏት። ሴትዮዋ ለመንቀጥቀጡ የሰጡት አንድ ቃል የለም።  እኔም ሆድ ይፍጀው አልኩ።

በነጋታው ከኋላ ሁለቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። ከሰፈራችን ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ከብቶች አቋረጡን፤ በጣም ቀስ ብዬ ነካ አደረግሁት፣ ትንሽ ተርገፈገፈ። በመስታወት አየኋት፤ ወደ ውጭ ታያለች። አልሰማችም ብዬ ተነፈስኩ። ከዚያ በኋላ እስከ ደብረ ሲና ፍሬን የሚባል ነገር አልነካሁም። ከሩቅ አህያ ካየሁ ማርሽ እቀንሳለሁ፣ ኩርባ ከመጣ ገና ሳልደርስ እቀዘቅዛለሁ። አማቴ «በእግራችን ብንመጣ እስካሁን ደርሰን ነበር» ይሉኛል። ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። የሚያልፈኝ ጭነት መኪና ሁሉ ጥሩምባ ይነፋብኛል። እኔ እንደሆንኩ አንድ ቃል አልወጣኝም።

ደብረ ሲና መግቢያ ላይ ከኩርባ ስወጣ የኬላው ገመድ ፊቴ ላይ ተወጠረ። ጠባቂው እጁን ዘረጋ። ማርሽ ለመቀነስ ጊዜ የለም፤ ረገጥኩት። መሪው ተንቀጠቀጠ፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ የአማቴ ቋጠሮ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። መኪናዋ ገመዱ ጋ ቀጥ ብላ ቆመች። ዞሬ ማየት አቃተኝ። የበሩ እጀታ ሲከፈት ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ።

በሩ አልተከፈተም።

«ሰምተሻል» አልኳት፣ ሳልዞር።

«ጠዋት ከብቶቹ ጋ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ለምን አልወረድሽም?»

 ጠባቂው ወረቀታችንን አይቶ መለሰልኝ።

«ያን ጊዜ የጣርማ በርን ቁልቁለት እየዘፈንክ ነበር የምትወርደው» አለች። «ዛሬ ከቤት ጀምሮ ድምፅህን አልሰማሁም። ሸሚዝህን አየሁት። ከፈራህ ግድ የለም፣ አብሬህ እሄዳለሁ።»

ገመዱ ወረደ። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። አማቴ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው «አሁን ደግሞ ምን ይጠብቃሉ? ነጠላ ላንጥፍልዎት?» አሉኝ። ማርሽ አስገብቼ ቀስ ብዬ ተነሣሁ።

ባለቤቴ ልጃችንን ታቅፋ ስንመለስ ፍሬኑ ከጣርማ በር ጀምሮ እስከ ታች እየተንቀጠቀጠ ነው የወረድነው። በየኩርባው በመስታወት ወደ እሷ እመለከት ነበር። እሷም ልጃችንም ተኝተዋል።