አልቋል ያልኳት ብርድ ልብስ

ጠዋት ሦስቴ መልሼ ደወልኩ። ሦስቴም መልሱ ያው ነው፤ አዶት ዘነበች አርፋለች። አሁንም አላመንኩም። ትናንት እኮ ሾርባ ጠጣች ብለውኝ ነበር።

ቡታጅራ ያደጋችሁ ታውቋታላችሁ። በረንዳዋ ላይ በአንዲት የእግር መኪና የምትሰፋው ሴትዮ። አዶት፣ እናት፣ ብሎ የማይጠራት የሰፈር ልጅ አልነበረም። እኔን ስፌት ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ይህን የምጽፈው ግን ፈርቼ ነው።

ስድስት ልጆቿ አዲስ አበባ ይነግዳሉ። መስቀል ሲደርስ ከነልጆቻቸው ይመጡና መሬት ላይ ተደርድረው ይተኛሉ፤ የኛን አገር መስቀል መቼም ታውቁታላችሁ። ዘንድሮ "ሁሉንም የሚያለብስ አንድ ብርድ ልብስ እሰፋለሁ" አለች። ከየሱቃቸው ቁርጥራጭ ጨርቅ ላኩላት። ከላይ ቁርጥራጩ፣ ከመሀል ጥጥ፣ ከሥር አቡጀዲ።

እንዲህ ያለ ነገር በቤት መኪና ሲሰፋ ጉድ ነው። ከመርፌው በስተቀኝ ያለችው ክፍተት ስንዝር አትሞላም። ግራና ቀኙን እንደ ሰሌን ጠቅልለሽ፣ ከመሀል ጀምረሽ ወደ ዳር ትሄጃለሽ። ከዳር ከጀመርሽ መሀሉ ይቋጠራል። "መሀሉን ያዢ፣ ዳሩ የትም አይሄድም" ትል ነበር።

ላግዛት በሄድኩበት የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን ስገፋ ጥቅሉ ከጠረጴዛው ተንሸራተተና ጨርቁን ጎተተው። መርፌው ተሰብሮ ጉንጬን ጫረኝ፤ ለትንሽ ዓይኔን ሳተ። አዶት አልተቆጣችም። ጥቅሉን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገችና "ንጂ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ እረግጣለሁ፣ እሷ ትይዛለች። የቀበሌዋ ሴትዮ ለአንድ ለአምስት ስብሰባ ስትጠራት "እኛ እዚህ ሁለት ለአንድ መኪና ነን፣ ስንጨርስ እንመጣለን" ትላታለች። አንድም ቀን አልሄደችም።

ሲያማት ብርድ ልብሱን ወደ ቤቴ፣ ወደ ራሴ መኪና ወሰድኩት። ያለ እሷ መሀሉን መንካት ፈራሁ። ዳር ዳሩን ሰፋሁና ተውኩት።

እሁድ ልጠይቃት ሄድኩ። ዓይኗን ሳትገልጥ "ብርድ ልብሱስ?" አለችኝ።

"አልቋል" አልኳት።

"እሰይ። እንግዲህ አይበርዳቸውም" አለች። እውነት መስሏት ነው የሄደችው።

ዛሬ ልታስታምማት ከአዲስ አበባ የመጣችው ልጇ አልማዝ ደወለችልኝ። "ወንድሞቼ መንገድ ላይ ናቸው፣ እዚሁ ለቅሶ ቤት ነው የሚያድሩት። እማዬ ሲመጡ እሱን አልብሻቸው ብላኛለች፤ ማታ አምጪልኝ" አለች። እሺ አልኳት። መሀሉ አንድ ክር እንኳን እንዳላየ መናገር አቃተኝ።

ከጠዋት ጀምሮ የዳሩን ስፌት ስፈታ ዋልኩ። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ወንዶቹ ልጆቿ ጥያን አልፈናል ብለዋል። ከዚያ ቡኢ ነው፣ ከቡኢ ቡታጅራ ምን አላት። ሁለቴ ሞክሬ ሁለት መርፌ ሰብሬያለሁ። የቀረኝ አንድ ነው፤ ዛሬ ሱቁ ሁሉ ለለቅሶው ተዘግቷል። መኪናዬ ፊት ተቀምጬ መርገጥ አቅቶኛል።

ሰፈር ያላችሁ፣ እባካችሁ። መስፋት ባትችሉም ግድ የለም። መጥታችሁ ጥቅሉን ብቻ ያዙልኝ።

...

ከለጠፍኩት በኋላ የጨመርኩት፦ በሩ ተንኳኳ። አዶት ስብሰባ እምቢ የምትላት የቀበሌዋ ሴትዮ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ነው፣ አልቅሳለች። ጥቅሉን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገችና "የት ጋ ልቁም?" አለችኝ።

አዶት፣ ብታያት ትስቂ ነበር። ስለዋሸሁሽ ይቅር በይኝ። አሁንም ፈርቻለሁ፣ ግን መሀሉን ይዣለሁ። በቃ ሂጂ፣ የኔ እናት፣ ደህና ግቢ። ልጆችሽ ዛሬ አይበርዳቸውም።