በጎቹን ማን በላቸው?

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከቤት ውጭ፣ ሮን ወንዝ ዳር ነበር። ጄኔቭ፣ ለ ሊኞን በሚባለው ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ የምንኖር ሐበሾች በበጋ ቅዳሜ ወደ ወንዙ ወርደን ሥጋ እንጠብስ ነበር። ሥጋው አልቆ ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምር፣ ጢሱም ከወንዙ ቅዝቃዜ ጋር ልብሳችን ላይ ሲያርፍ፣ ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ያኔ ልጆች ሁሉ ኳሱን ጥለን እንሮጣለን። አማርኛችን ግማሹ ፈረንሳይኛ ቢሆንም እሳቸው ሲያወሩ አንድም ቃል አያመልጠንም።

አንድ ምሽት ስለታመመ አንበሳ አወሩልን። አንበሳው ዋሻው ውስጥ ተኝቶ ሳለ ቀበሮ «ለጌታችን መዳኛ» እያለች ከየመንደሩ በግ ትሰበስብለት ነበር፤ አንበሳው ግን እየከሳ፣ እየከሳ ሄዶ ሞተ። ልጆቹ አዘኑ። እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ።

«ታዲያ በጎቹን ማን በላቸው?» አልኩ።

አባቴ አፍሮ ክንዴን ያዘኝ። «ትልቅ ሰው ሲያወራ አይቋረጥም!»

«ተዋት፣ ታደሰ» አሉ ጋሽ መኮንን እየሳቁ። ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉና «እስቲ ሄደን የቀበሮዋን ልጆች እንያቸው» ብለው ተረቱን ከመሀል እንደገና ጀመሩት። የቀበሮዋ ልጆች ከውፍረታቸው የተነሣ መሮጥ አቅቷቸው ነበር። በሳቅ ፈነዳን፤ አባቴም ሳይወድ ሳቀ።

ካደግኩ በኋላ አባቴ እዚያው ጄኔቭ፣ ግራንድ ሳኮኔ አካባቢ ካሉት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በአንዱ እንድቀጠር ይመኝ ነበር። ዙሪክ ሄጄ የቢዝነስ ጋዜጠኛ ስሆን ለብዙ ወራት አኮረፈኝ። «ሀብታም እየተከተልሽ ልትኖሪ ነው?» ነበር ያለኝ።

ባለፈው ክረምት ኦርሊኮን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር ያለ አንድ ድርጅት ከሰርኩ ብሎ ሠራተኞቹን ሊያሰናብት ጋዜጠኞችን ጠራ። ሥራ አስኪያጁ ሐዘን ባዘለ ድምፅ ሲያወራ ሁላችንም አቀርቅረን እንጽፍ ነበር። እጄን አነሣሁ። ጀርመንኛዬ ዛሬም ጄኔቭ ጄኔቭ ይላል።

«ከከሰራችሁ፣ ዘንድሮ ለባለአክሲዮኖች ያከፋፈላችሁት ትርፍ ከየት መጣ?» አልኩት።

ውሃውን ተጎነጨና ወደ ሌላ ጋዜጠኛ ዞረ።

ከሥራ ስወጣ ለአባቴ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

«ምን ብለው መለሱልሽ?» አለኝ።

«አልመለሱልኝም።»

«እንግዲያው ነገም ጠይቂያቸዋ!»

ጠየቅኳቸው። በስልክም፣ በጽሑፍም፣ ደጃቸው ቆሜም ጠየቅኳቸው። በመጨረሻ ገንዘቡ እንዳላቸው አመኑ፤ ዘገባው ወጣ፤ ሠራተኞቹም ጉዳዩን ይዘው ተከራከሩና ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ ሥራቸው ላይ ቀሩ።

ጋሽ መኮንን ካረፉ ቆይተዋል። ከተረቶቻቸው አብዛኛውን ረስቻለሁ፤ ስንቱ ከአገር ቤት የመጣ፣ ስንቱ እዚያው ፍሙ ዳር የተፈጠረ እንደሆነም አላውቅም። ብቻ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ውስጥ እጄን ሳነሣ የሚያዳምጠኝ ያለ ይመስለኛል፤ ይህ ስሜት አንድም ቀን ተለይቶኝ አያውቅም። አባቴ ደግሞ አሁን አሁን ሲደውልልኝ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ነው የሚጠይቀኝ።

«ዛሬስ ማንን ስታፋጥጪ ዋልሽ?»