በእህቱ ሰርግ ያልዘፈነው ዘፋኝ

ዛሬ እዚህ ከሚሴ አንድ ዘፋኝ በገዛ እህቱ ሰርግ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያጨበጭብ አየሁ።

ጓደኛዬ ሰዒድ ነው። በኦሮምኛም በአማርኛም እየዘፈነ የሁላችንንም ሰርግ ያደመቀ ልጅ። አምና አዲስ አበባ ካለ ትልቅ ሙዚቃ ቤት ጋር ሲፈርም እኛም ጨፍረናል።

ለካ ውሉ ያለ እነሱ ፈቃድ የትም እንዳይዘፍን ያስረዋል። ለእህቱ ሰርግ ፈቃድ ጠየቀ፣ መልስ የሰጠው የለም። ሰርገኛው ሁሉ ደግሞ ስልኩን ደግኗል፤ ከዘፈነ ማታውኑ ዩቲዩብ ላይ ነው።

ዲጄው የራሱን የሰዒድን ዘፈን ከፍላሽ ከፈተልን። ፍላሹ መዝፈን ይችላል፣ ሰዒድ አይችልም።

"ተነሥ እንጂ" ስንለው "ዘፈኑ የነሱ ነው" አለ።

እናቱ ሰሙ። "ያ ረቢ፣ ከኔ አፍ የለቀምከውን ነው የነሱ የምትለኝ?"

ዲጄውን ሙዚቃውን አስጠፍተው ዘፈኑን ራሳቸው አወጡት፤ ሙሽሪትን በአያት በቅድመ አያቷ እየጠሩ። እኛ ተቀበልን። ሰዒድ አንገቱን ደፍቶ አጨበጨበ።

ትልቅ ቤት ያሳድጋል የምትሉኝ ሰዎች፣ አፍ ይዞ ነው እንዴ የሚያሳድገው? ብቻውን ሲሠራ ስሙ ከኮምቦልቻ አላለፈም ይሆናል፣ አፉ ግን የራሱ ነበር።

እናንተስ ሰፈር ድምፁን አስረክቦ የሚያጨበጭብ አለ? ጻፉልኝ።

የሰዒድ እናት እንደሆኑ ምንም አልፈረሙም።