ንጉሡ እስኪያልቅ

በቀደም ከሰቆጣ ገበያ ባጃጅ ልይዝ ሾፌሩን «ወደ ሆስፒታል ትሄዳለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ አፉን ዳቦ ሞልቶት ስለነበር በአፍንጫው «እምም!» አለኝ፤ እኔም እንደ ሞኝ አፌን ዘግቼ፣ እጄን አጣምሬ መጠበቅ ጀመርኩ። ልጁ ዳቦውን ውጦ «እንዴ፣ ግቢ እንጂ!» ሲለኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። ያን ድምፅ ሰምቶ ዝም ብሎ መጠበቅን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው፤ ይኸው ትልቅ ሰው ሆኜም አልለቀቀኝም።

አባታችን በከተማው ዳር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ዳዊታቸውን ከተሰቀለበት ማኅደር አውጥተው በራፉ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው መድገም ይጀምሩ ነበር፤ አንዴ ከጀመሩ ደግሞ አንድ ንጉሥ ሳያልቅ ለሰው ቃል አይተነፍሱም ነበር። ንጉሥ የሚባለው አስሩ መዝሙር ነው። አስር መዝሙር በአባቴ አደጋገም ለራበው ልጅ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚያውቀው የጠበቀ ብቻ ነው፤ እሳቸው ሳይጨርሱ ቁርስ አይቀርብማ! እናታችን «ሌላው ሰው እኮ መሃል ላይ አረፍ ብሎ ይናገራል» ስትላቸው፣ «ከንጉሥ ፊት ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ከጎረቤት የሚያወራ አይተሻል?» ይሏት ነበር።

መናገሩ ቢቀርም ማዘዙ ግን አይቀርም፤ ጣጣውም እዚያ ላይ ነበር። በክረምት ጣሪያው ሲያፈስ፣ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳይነቅሉ «እምም!» ይላሉ፣ እኛ ማሰሮ ይዘን እንሯሯጣለን። አጭር ከሆነ እምቢ፣ ረዘም ብሎ ወደ ታች ከወረደ እሺ፣ ሁለቴ ከደጋገሙት በሩን ዝጉ ማለት ነበር። ከቤቱ ሁሉ የተሻልኩት አስተርጓሚ እኔ ስለነበርኩ፣ ታላቅ እህቴ ትብለጽ ግራ ሲገባት ወደ እኔ ዞር ብላ «ምን አሉ?» ትለኝ ነበር።

በአንዱ መስከረም፣ አበባው በፈነዳ ሰሞን፣ የንቡ መንጋ ከጓሮው ቀፎ ግር ብሎ ሲወጣ አባታችን ከመደባቸው ላይ ሆነው አዩት። በአገጫቸው ወደ ጓሮ እየጠቆሙ «እምም! እምም! እምምም!» ማለት ጀመሩ። ትብለጽ በሩን ዘጋችባቸው። እኔ ፍየሏ ጎመኑ ውስጥ ገብታለች ብዬ ዱላ ይዤ ወጣሁ። እናታችን «አንቱ፣ ምን ሆኑ? አመመዎት እንዴ?» እያለች ግንባራቸውን ትዳብሳለች። መንጋው አጥሩን ተሻግሮ፣ ሸለቆውን ወርዶ እስኪጠፋ ድረስ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ንጉሡ ሲያልቅ መጽሐፉን ስመው ከደኑና፣ በረጋ ድምፅ «ንቡ ሄደ» አሉን። እናታችን ወደ ጓዳ ገባች፤ ያን ዓመት ማር የሚባል አልቀመስንም።

እንዲህ ያበግኑኝ እንጂ ያተረፍኩትን አልክድም። ዝናቡ ባጠረበት ዓመት፣ በጋው ረዝሞ ጎተራው ባዶ በሆነ ጊዜ፣ ቁርስ በሌለበት ቤት ቁርስ የሚጠብቃቸው ይመስል በዚያው ድምፅ፣ በዚያው እርጋታ ይደግሙ ነበር። ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ መጥተው አጥራችንን ተደግፈው ያዳምጣሉ፤ ግዕዙን አንዳቸውም አይሰሙትም፣ ግን ሲመለሱ ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር። ያኔ ተርቤያለሁ፣ ፈርቼ ግን አላውቅም፤ ለዚህ የማመሰግነው ያንን ድምፅ ነው።

በኋላ ግን ያው ድምፅ ትብለጽን አስለቀሳት። አስረኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ ስታጣ፣ እንደ ጓደኞቿ ወደ ዓረብ አገር ልሂድ አለች። ዐቢይ ጾሙን ሙሉ፣ ነገሩን ባነሳችባቸው ቁጥር የአባታችን እጅ ወደ ማኅደሩ ይዘረጋል፤ ጠዋት ብቻ የነበረው ዳዊት ቀትርም ማታም ሆነ። እናታችን «እኒህ ሰውዬ ዳዊቱን ዋሻ አደረጉት!» እያለች ትንጨረጨር ነበር። ትብለጽ ግን ሳይመርቁኝ እግሬን አላነሳም ብላ ጠበቀች። አባቱ ሳይመርቀው የወጣ መንገዱ አይቃናለትም ተብሎ ባደግንበት ቤት፣ ልጅቱ ከዚህ ሌላ የሚያስፈራት ነገር አልነበረም።

የምትሄድበት ቀን በግንቦት ደረሰ። ገና ሲነጋጋ ሻንጣዋን ይዛ እግራቸው ሥር ተንበርክካ «አባዬ፣ መሄዴ ነው፤ ይመርቁኝ» አለች። እየደገሙ ነበር። ጠበቅን። ንጉሡ አለቀ፤ አባታችን ትንፋሽ ሲስቡ እናታችን ነጠላዋን አስተካከለች፣ ትብለጽ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን ቅጠሉን ገለጡና ቀጣዩን ጀመሩ።

«አንቱ!» አለች እናታችን፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻባቸው፤ «ልጅቱ ልትሄድ ነው እኮ! እግዜር ራሱ ይጠብቅዎታል!»

ከመናኸሪያው የወልድያው አውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማ። ትብለጽ ጉልበታቸውን ስማ ስትነሳ «እምምም» አሉ፤ አጭርም አልነበረም፣ ረጅምም አልነበረም፤ መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። ወደ እኔ ዞራ «ምን አሉ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር። እናታችን እጇን ይዛ እየጎተተች ወሰደቻት።

ያን ሰሞን እናታችን አኮረፈቻቸው። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው፣ ሳትጠይቃቸው፣ እኔ እየሰማሁ እንዲህ አሏት፦ «አፌን ብከፍት አትሂጂ ነበር የምላት። አትሂጂ ብያት ብትሄድ ቃሌ እንደ እርግማን ይከተላት ነበር። መመረቁ ደግሞ ከሆዴ አልወጣ አለኝ። የት ልግባ?» ይህን ትብለጽ ከቤይሩት በጎረቤት ስልክ ስትደውል ነገርናት። «እሱንም ቢሆን ከራሳቸው አፍ ልስማው» አለች። ስልኩን እንዲያነሱ ብንለምናቸው፣ ብንለምናቸው፣ «ለፈጣሪ ጠዋት ማታ እነግርላታለሁ፤ ስልክ ምን ይጨምራል?» ይሉናል። «እሷ የምትፈልገው ከእርስዎ ነው!» ብዬ መሬቱን በእግሬ ደበደብኩት፤ እሳቸው ማኅደራቸውን አወረዱ።

ዓመታት አልፈው፣ እናታችንም አርፋ፣ ሞባይል ገዝቼ ቤት አስገባሁ። አንድ ጠዋት አባታችን እየደገሙ ሳለ ጮኸ፤ ትብለጽ ነበረች። እንዳይረብሻቸው ይዤ ልወጣ ስል የቀሚሴን ጫፍ ያዙኝ። ቃሉን መሃል ላይ ቆርጠው «በየት በኩል ነው የሚያናግሩት?» አሉኝ። ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው።

«ልጄ» አሉ፣ «የወጣሽበትን ይስጥሽ። በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። ደጄን ስትረግጪ ለማየት ያብቃኝ።» ከወዲያ በኩል አሜን የሚል አልተሰማም፤ ልቅሶ ብቻ ነበር።

አሁን ትብለጽ፣ በቤት ሠራተኝነት የምታገለግላት እመቤት ሳትነሳ፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን ጠዋት ትደውላለች። ያኔ ለእናቴ ጩኸት እንኳ ያልቆመው ዳዊት አሁን ስልኩ ገና ሳይጮህ፣ ብርሃኑ ብልጭ ሲል ይቆማል። አብሬያቸው የቀረሁት፣ እጃቸውን የማስታጥባቸው እኔ ግን ዛሬም አንድ ነገር ልጠይቅ ብል ንጉሡ እስኪያልቅ መጠበቄ ነው። ያበግነኛል፣ ምን እዋሻለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ካቆሙበት አይቀጥሉም። «መሃሉን ለልጄ ሰጥቼ ትራፊውን ለፈጣሪ አላቀርብም» ይሉና አስሩንም መዝሙር ከመጀመሪያው ያነሳሉ። እኔም ሥራ እየረፈደብኝ፣ ቁርሱን መልሼ ከድኜ፣ መደቡ ጥግ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።